አጥንት ቆጠራ በእሜቴ ትርንጎ ሰገነት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በክሊኒኩ ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ጋቢ ተደርቦልኝ፣ ከደሴ የመጣ አንድ ጎረምሳ ሹም ንግግር አደረገልኝ። «አቶ ኪሮስ የሰቆጣን ሕዝብ ቁስል በማጠብ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ቁስል ማጠብ ነውር ነው አልልም፤ አጥቤያለሁ፣ ያውም ስንቱን! ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ሠርቶ በአንድ ጣሳ ውኃ ሲጠቃለል ደም ያፈላል። ባለቤቴ ክርኗን ጎኔ ላይ ተክላ «ዝም በል፣ ጋቢውን ይነጥቁሃል» ባትለኝ ኖሮ እዚያው ተነሥቼ እመልስለት ነበር። ያን ቀን የዋጥኩትን አሁን ልናገረው ነው። እኔ በሰቆጣ ከተማ በአጥንት ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ቆሜ የተሟገትኩ ሰው ነኝ። ወድጄ አይደለም፤ ግን ተሟግቻለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። በዋግ፣ የደሃና ወረዳ ልጅ ነኝ፤ በቤት ኽምጥኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በቤተ ክህነት ግዕዝ እየቀመስኩ አደግሁ። ዲያቆን ልሆን ነበር፤ መሪጌታዬ ግን አንድ ቀን ዜማዬን እስከ መጨረሻው ታግሠው ሰሙና «ልጄ፣ እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ይፈልግሃል» አሉኝ። ፊደል ስለቆጠርኩ የሰቆጣው ክሊኒክ ለድሬሰርነት፣ ማለት ለአስታማሚነት፣ ተቀበለኝ። ክሊኒክ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መርፌ የምንቀቅልበት አንድ ምድጃ፣ እንዲሁም ባሻ ገብሬ ነበሩ።

ባሻ ገብሬ የጦር ሠራዊት አስታማሚ የነበሩ፣ አጭር፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ሙያዬን ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ሕፃን ሊነኩ ሲሉ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። የቸኮለች እናት «ባሻ፣ በረደዎት እንዴ?» ስትላቸው «እኔን አይደለም፤ እሱን እንዳይበርደው ነው» ይላሉ። ሲመረምሩ ከሆድ አይጀምሩም፤ ከእጅ አንጓ ይጀምራሉ። አንጓው ወፍሮ ካገኙት አውራ ጣታቸውን ደረቱ ላይ አሳርፈው በጎድን አጥንቱ ጫፎች ላይ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። አንድ ቀን የእኔን ጣት ይዘው እዚያው አስቀመጡት። እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደረ እብጠት ጣቴ ሥር ተሰማኝ።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«መቁጠሪያ።»

«ጎሽ! እንዲህ ያለውን ልጅ ካገኘህ አጥንቱ ተልፈስፍሷል ማለት ነው። እግሩን ለማየት አትቸኩል፤ እግሩ ሳይጎብጥ በፊት ደረቱ ይነግርሃል።»

አጥንት ሕይወት እንዳለው የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ አጥንት ማለት እንደ አጥር ድንጋይ አንዴ ከተካበ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። «ኧረ የት! ውስጡ ግንበኛ አለ፤ አፍራሽም አለ። ቀን ከሌት አንዱ ይንዳል፣ አንዱ ይክባል» አሉኝ። አፍራሹን ለምን አያባርሩትም ብዬ ብጠይቃቸው «አንተ ቤትህን ልታሰፋ ብትል የድሮውን ግድግዳ ሳትንድ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ያን ጊዜ ቤትም አልነበረኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ጥያቄያቸው ነበር። መድኃኒት ከመንካታቸው በፊት «የት ነው የሚተኛው? ማን ነው የሚያቅፈው? የቤቱ በር ወዴት ይዞራል?» እያሉ እናቲቱን ያደርቋታል። በሽተኛው በር ላይ ተሰልፎ ያቃስታል፣ እሳቸው የሰው መኝታ ቤት ይጠይቃሉ። ቤት ሊገዙ ያሰቡ መስሎኝ የተጠራጠርኩበት ጊዜ ሁሉ አለ።

እንግዲህ ውድቀቴን ልናገር። ባሻ ለክትባት ወደ ኒሯቅ በወረዱበት ሰሞን አንዲት የደሃና እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ እግሩ መጉበጥ ጀምሯል፤ በደረቱ ወረድኩ፣ መቁጠሪያው አለ። ደስ አለኝ፤ ለብቻዬ ያወቅሁት የመጀመሪያው በሽታ ነዋ! ከመደርደሪያው የዓሣ ዘይት አወረድኩ። ያን ጊዜ ነጭ ካባዬ አዲስ ነው፤ እኔም አዲስ ነኝ። የአገሬ ሰው መሆኗን እያወቅሁ፣ ኽምጥኛው አፌ ላይ እያለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንደዚህ አይናገርም ብዬ ኮራ አልኩና በአማርኛ «ይህ ለእግሩ ነው። ጧት ጧት በማንኪያ» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ከወራት በኋላ ተመለሰች። ጠርሙሱ ባዶ ነው። የልጁ እግር ከመቀባቱ ብዛት ያብረቀርቃል፤ ቁልምሙ ግን ከበፊቱ ብሷል። «አንድም ጧት አላጓደልኩ፤ በማንኪያ እየለካሁ አሸሁት። ድመቷ እየላሰችው ተቸገርኩ እንጂ» አለች። እግር ሲያምም ቅቤ እንደሚታሸው አሽታዋለች። ታዲያ ምን ታድርግ? ለእግሩ ነው አልኳት እንጂ ለአፉ ነው መቼ አልኳት?

ተሰልፎ የነበረው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ባሻ ግን አልሳቁም። «በምን ቋንቋ ነገርካት?» አሉኝ።

«በአማርኛ።»

«ኽምጥኛ አትችልም?»

«እችላለሁ። ግን የመንግሥት ሥራ...»

«እግሩ የመንግሥት ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ከክሊኒካችን የሚወጣው የሚያደርገውን በራሱ ቋንቋ መልሶ ከተናገረ፣ በእጁም ካሳየ በኋላ ብቻ ሆነ። ያ ልጅ ግን አመለጠን። አድጎ፣ አግብቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያ ያልፋል፤ በጉልበቶቹ መካከል ጠቦት ታልፋለች። እሱ ስቆ ሰላም ይለኛል። እኔ ግን ጉልበቱን እያየሁ ነው የምመልስለት።

ባሻ ገብሬ ጡረታቸውን ሳያዩ ዐረፉ። ቦታቸውን ወረስኩ፣ ከነጥያቄያቸው። በላዬ ላይ ብዙ አለቃ ተፈራረቀ። አንዱ በሽተኛ ሳይሆን አጥር የሚወድ ነበር፤ በእሱ ዘመን አጥሩ ሁለቴ ተቀባ፣ ፋሻው አለቀ። የደመወዙን ነገር ተዉት፤ ባለቤቴ ዛሬም ስትሰማ ትሥቃለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ለማሻሻያ ትምህርት ደሴ ተላክሁ። ስለ አጥንት ያስተማረን አንድ ረጅም የውጭ አገር ሐኪም ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ስለዚህ የሰው ገላ በእሱ አፍ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ቁጭ አለ። «ፀሐይ ቆዳ ላይ ስታርፍ ቆዳ ማመልከቻ ይጽፋል» አለን። «ማመልከቻው በደም ተጭኖ ጉበት ቤት ይደርሳል። ጉበት አይቶ ወደ ኩላሊት ይመራዋል። ኩላሊት ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ወረቀት አንጀት ዘንድ አይሠራም። ማኅተሙን ያየ አንጀት ግን በራፉን ከፍቶ ከምግቡ ውስጥ ኖራውን ያስገባል፤ ግንበኞቹም ኖራውን ተቀብለው አጥንቱን ያጠነክራሉ።» የጉበቱና የኩላሊቱ ነገር ገና በቅርቡ የተደረሰበት ነው አሉን።

እኔ እጄን አውጥቼ «ፀሐይ ባታርፍበትስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተርጓሚው ሐኪሙን እንኳ ዞሮ ሳያይ «ማመልከቻ ሳታስገባ ማን ያነጋግርሃል?» አለኝ። በደሴ የሰማሁት ሌላው ትምህርት ሁሉ ተኖ ጠፍቷል፤ ይህ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የባሻ «የት ነው የሚተኛው?» የሚለው ጥያቄም ያን ቀን ገባኝ። ሽማግሌው ማመልከቻው የት እንደቀረ ነበር የሚፈልጉት።

ከደሴ በተመለስኩ በዓመቱ ግድም እሜቴ ትርንጎ አስጠሩኝ። እሜቴ ትርንጎ የአንድ ፊታውራሪ ሚስት የነበሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ትልቅ እመቤት ናቸው። ቤታቸው በሰፈሩ ረጅሙ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣራው ዝርግ፣ ሰገነቱ ከአጎራባች ቤት ሁሉ በላይ። ከደጅ ሲወጡ ጥላ ይዘረጋላቸዋል፤ የፀሐይ ጨረር ነክቷቸው አያውቅም ይባል ነበር። ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከመቀመጫቸው የሚነሡት ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ ነው። አንድ ልጃቸው ደምሴ የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ዘነቡን አገባ፤ ማሞ የሚባል ወንድ ልጅም ወለዱ። ማሞ ጡት የሚተውበት ዕድሜ አልፏል፤ መቆም ግን አልቻለም።

«የት ነው የሚተኛው?» አልኩ፣ በባሻ ወግ።

መጋረጃ ተገለጠ። ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ መጋረጃ አለ። ከዚያ ወዲያ መስኮት የሌለው ጓዳ። ልጁ ከተወለደ ወዲህ ከቤት የወጣው ክርስትና ሲነሣ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ታቦት ተሸፋፍኖ። እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ አንጓውን ያዝኩ፤ ወፍሯል። በደረቱ ወረድኩ፤ መቁጠሪያው አለ። እግሮቹ ቅስት ሠርተዋል። በሽታውን ስላወቅሁት ልቤ ሞቀና፣ ምላሴን ሳልቆነጥጥ፣ «እሜቴ፣ ነገሩ ሁሉ ከአጥንቱ ነው። አጥንቱ ልል ነው» አልኩ።

ወይኔ ኪሮስ! የዋግ ሰው አጥንት ሲባል ምን እንደሚሰማ እያወቅሁ! ለሐኪም አጥንት ሥጋ የለበሰው ነው። በእኛ አገር ግን አጥንት ዘር ነው፤ ሰው ሲጋባ የሚቆጠረው፣ ሲጣላ የሚሰደበው እሱ ነው።

እሜቴ ትርንጎ ቀና አሉ። «አላልኩም?» አሉ። «አላልኩም! በእኛ ቤት እንዲህ ያለ እግር ታይቶ አይታወቅም። ይኸው ሐኪሙ ከአጥንቱ ነው አለ። የእናቱ አጥንት ነው የጎተተው!»

«ኧረ እሜቴ፣ እኔ ያልኩት...»

«ያልከውን ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ፊት ቀርበህ ትመሰክራለህ።»

ዘነቡ እስከ ግቢው በር ተከትላኝ ወጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። «ጋሼ ኪሮስ፣ ምን በደልኩዎ?» አለችኝ።

«ልጄ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ አጥንት ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምለው! ሲፈልጉብኝ የነበረው ምክንያት ይህ ነው። እኔን ወደ አባቴ ቤት ይሰዱኛል። ይሰዱኝ፤ ማሞን ግን ያስቀሩብኛል። እዚያው ጨለማ ውስጥ ያስቀሩብኛል።» ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ተመለሰች። እንጀራ የሚበላ አፍ እንዲህ ያለ ጥፋት ይሠራል ብዬ አላስብም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ኅዳር ላይ በእሜቴ ግቢ ተሰበሰቡ። የዘነቡ አባት አቶ ሹምዬ ዘመዶቻቸውን ይዘው ከፃግብጂ በእግራቸው መጥተዋል፤ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አጥንት ይቆጠር ተባለ። የእሜቴ ወገን ጀመረ፤ ደጃዝማቹ፣ ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹ አንድ በአንድ ከመቃብር እየተነሡ ግቢውን ሞሉት። አቶ ሹምዬ በተራቸው ተነሡና ሹመት የለም እንጂ ሰው አላነሳቸውም፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ወደ ላይ ወጡ፣ ወጡ፣ ወጡ። ሁለቱ ወገን ንጉሥ ሰሎሞን ዘንድ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። አሁንማ ዘመድ ሆነው ጋብቻው በሌላ ምክንያት ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ተጠራሁ። «የልጁ አጥንት ምን ሆኗል? በእግዚአብሔር ፊት ተናገር» ተባልኩ።

«ኖራ ጎድሎታል» አልኩ።

አቶ ሹምዬ ከነዱላቸው ብድግ አሉ። «የማን አጥንት ነው ኖራ የጎደለው? እኛ ግንብ ነን? የሰው ዘር እንዲህ ይሰደባል?» እሜቴም ከወዲያ «እኔንም ጨምሮ ነው እንዴ የሰደበን?» ሲሉ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከገበሬው ጋር ተስማሙ። ሁለቱ ወገኖች እኔ ላይ ታረቁ። አንድ ካህን ባይገላግሉኝ ኖሮ የራሴን አጥንት እዚያው እቆጥር ነበር።

ያኔ የደሴው አስተርጓሚ ትዝ አለኝ። «አባቶቼ፣ አቤት ልበል!» አልኩና ጀመርኩ። ስለ ፀሐይዋና ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ጉበትና ስለ ኩላሊት፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ አንጀቱ በር ነገርኳቸው። የቆመው ሁሉ ተቀመጠ። እዚያ ከተቀመጠው መካከል ደሴ ደጅ ያልጠና፣ ወረቀቱ በአንዱ ቢሮ ያልቀረበት ሰው አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ «ኤዲያ! ውስጣችንም እንደ ውጫችን ነዋ!» አለ።

እሜቴ ትርንጎ በመሬት ክርክር ያረጁ ሴት ናቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ዘንበል ብለው «ኩላሊት ጉቦ ይበላል?» አሉኝ።

«አይበላም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያውስ የእኛ አገር ሰው አይደለም» አሉና ቀጠሉ፦ «ታዲያ የዚህ ልጅ ጉዳይ የትኛው ቢሮ ነው የቀረው?»

«የትም አልደረሰም፣ እሜቴ። ማመልከቻው አልተጻፈም። ቆዳው ፀሐይ አላየም።»

«ማን ከለከለው?» አሉ አቶ ሹምዬ።

ሰዉ አንድ በአንድ አንገቱን ወደ እሜቴ አዞረ። «እኔ ነኝ» አሉ እሜቴ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ከደምሴ በፊት የወለድኳቸውን ዓይን በላብኝ። ደጅ አወጣኋቸው፤ ሰው አያቸው፤ አለቁ። እሱን ደብቄ አሳደግሁ፣ ተረፈልኝ። የልጄን ልጅ አውጥቼ ለዓይን ልስጠው? ለምች ልስጠው?» ያን ጊዜ የፈራኋቸው ሴትዮ አሳዘኑኝ።

ዓይን የለም፣ ምች የለም ብዬ ብከራከር ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው እከራከር ነበር። ስለዚህ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። «እሜቴ፣ ከሰገነትዎ በላይ የሚያይ ሰው አለ?»

«ከእኔ በላይ? ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያውስ ልጁ ጧት ጧት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ልብሱ ወልቆ እዚያ ይቀመጥ። ዓይን አይደርስበትም። ምችም በጧት አይመታም።»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው በየኑ። ማሞ ሰገነት ይወጣል፤ የሚጠብቁትም ሌላ ሰው ስለማያምኑ እሜቴ ራሳቸው ናቸው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሁላችንም እንገናኛለን። ልጁ ከቆመ ዘነቡ በትዳሯ ትኖራለች፤ ካልቆመ አባቷን ተከትላ ትሄዳለች፣ ልጁ ይቀራል። ደምሴ እናቱን ከመፍራቱ የተነሣ በራሱ ሽምግልና ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። የዘነቡ ከሳሽም የልጁ ጠባቂም አንድ ሴት ሆኑ ማለት ነው።

የቀረኝን አንድ ጠርሙስ የዓሣ ዘይትም ይዤላቸው ሄድኩ። «በአፉ ነው፣ እሜቴ፤ እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ብላቸው «እኔ ያንተ ተማሪ ነኝ?» ብለው ተቆጡ። ሽታውን አሸተቱና ደግሞ «ይህንንስ ለጠላቴም አላጠጣ» ብለው የበቅሏቸውን ኮርቻ አስወለወሉበት። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሰቆጣ ድመት ሁሉ በቅሎዋን አጅቦ ሄደ። ካህናቱ ሳቃቸውን በመስቀል ሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ ተስፋችን ፀሐይዋ ብቻ ሆነች።

በሳምንቱ ላይ መሰላሉን ወጥቼ ብመለከት ልጁ ራቁቱን ተቀምጧል፤ እሜቴ ደግሞ፣ ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ አውጥቷቸው፣ ጥላቸውን ዘርግተው በላዩ ይዘውለታል!

«እሜቴ! ጥላው!»

«ምነው? ፀሐይ እንዳትነካው ነዋ!»

«እንድትነካው እኮ ነው የወጣው!»

«ትንካው፤ ግን በልክ» አሉኝ። እሪ ልል ምንም አልቀረኝም። በአንድ በኩል የዘነቡ ትዳር፣ በሌላ በኩል አንድ ጥላ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በባሻ ነፍስ ገዝቼ ጥላውን አጠፍኩት። ዘነቡ ከታች ከመሰላሉ ሥር ቆማ ጆሮዋን ወደ ላይ አቅንታለች። መውጣት አልተፈቀደላትም። «ልብሱ ወልቋል? ፊቱን ወዴት አዙረውታል?» እያለች በሹክሹክታ ትጠይቀኛለች።

እሜቴን ሰገነት ላይ ያጸናቸው ግን የእኔ ልመና አልነበረም። እዚያ ሆነው የጎረቤቱን ገመና ሁሉ አዩዋ! ማን ከማን ጋር ማለዳ እንደሚያወራ፣ የማን ጠላ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ የትኛው ቄስ ከማን ቤት እንደሚወጣ ይነግሩኝ ጀመር። «ይህን ሁሉ ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ምን ስሠራ ኖርኩ?» አሉኝ። ሙቀቱ ሲበረታ ነጠላቸውን ዝቅ፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ ማድረግ ጀመሩ። ጥር ሲያልቅ እንደ ልማዴ በማሞ ደረት ወረድኩ፤ የመቁጠሪያው ፍሬ አንሷል። ከየካቲት ወዲህ ግድግዳ ይዞ ይነሣል፣ ይወድቃል ተባልኩ። ቆሞ ግን አላየሁትም፤ እኔ በመጣሁ ቁጥር በቂጡ ዘጭ ብሎ ይሥቅብኛል። የጾሙን ወራት ሁሉ ያለ እንቅልፍ አሳለፍኩት። አጥንት ሲገነባ ድምፅ የለውም፤ ጆሮ ብትጥልበት አይሰማ፣ ብትቸኩል አይቸኩልልህ።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አቶ ሹምዬ መጡ፤ ለዘነቡ መመለሻ አህያ መጥቶ በር ላይ ታስሯል። እሜቴ ገና ከሰገነቱ አልወረዱም። «ሁለት ሰው ይውጣና ያውርዳቸው» ተባለ። ይህን ሲሉ መሰላሉ ተንቋቋ። እሜቴ ትርንጎ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ማንም ሳይነካቸው ወረዱ። ግቢው ሁሉ አፉን ከፈተ። እኔም ከሁሉ በላይ። በጨለማ የኖረው የማሞ አጥንት ብቻ አልነበረም ለካ! ያ ሁሉ የጉልበትና የወገብ ሕመም፣ እኔም እንደ ማንም ሰው እርጅና ነው ብዬ ያለፍኩት፣ ከዚያው ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ ኖሯል።

ደምሴ ልጁን አቅፎ ከኋላ ወረደና መሬት ላይ አቆመው። ማሞ ቆመ። እግሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልቀናም፤ ግን ቆመ። ዘነቡ እጇን ዘረጋች። እሜቴም ዘረጉ። ልጁ ወደ ሁለቱም አልሄደም፤ በግቢው የምትጭር አንዲት ዶሮ አየና እሷን እየተወላገደ ተከተለ። ዶሮዋ ሮጠች፤ እሱም ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተከተላት። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ሹምዬ እንባቸውን ዱላውን በያዙበት እጅ ጠረጉ።

እሜቴ ትርንጎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፣ ደረታቸውን ነፉ። «አያችሁ? አያችሁ የእኛን አጥንት!» አሉ።

በዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ቀና ብላ ተናግራ የማታውቅ ዘነቡ ራመድ አለች። «እሜቴ» አለች። «ሲቀና የእርስዎ ከሆነ፣ ሲጎብጥም የእርስዎ ነበር።»

እልልታው በአንድ ጊዜ ቆመ። ደምሴ መሬት መሬት አየ። አቶ ሹምዬ ዱላቸውን አጠበቁ። እኔ በሩ ወዴት እንደሆነ ፈለግሁ። እሜቴ ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ደግመው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሣቁ ነው። ነጠላቸው እስኪወድቅ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

«ወይ ትርንጎ! ይህን የመሰለ አጥንት ነበር በአህያ ልሰድ የነበረው?» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩና «ምን ትገተራለህ፣ አንተ! ያቺን ዶሮ ያዛትና እረድልኝ። አንቺ ደግሞ ልጅሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ዘነቡ። ዛሬ ወጡን ቆሜ የምሠራልሽ እኔ ነኝ።»